ከጎረቤት ጤና ኬላ ጠይቁ

(ደብረ ብርሃን ላይ፣ ከሰሜን ሸዋ ወረዳዎች ለመጡ የክትባት ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር። ከድምፅ የተገለበጠ ስለሆነ አነጋገሩ እንዳለ ተትቷል።)

እንደምን አረፈዳችሁ! ድምፄ ከኋላ ይሰማል? ጥሩ።

ከመንዝ፣ ከመርሐቤቴ፣ ከአንኮበር፣ ከምንጃር፣ ከኤፍራታና ግድም፣ ከጣርማበር የመጣችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከሸዋ ሮቢት የመጣችሁትን ማንም ሳይነግረኝ ለይቻችኋለሁ። ጋቢ ደራርባችሁ የተቀመጣችሁት እናንተ ናችሁ። ደብረ ብርሃን እንግዳዋን በብርድ ነው የምትቀበለው፣ ምን ይደረግ። ሻይ ከኋላ አለ፤ እየተነሣችሁ ቅዱ፣ እኔ አልቀየምም።

ሦስት ነገር ልናገር ነው የመጣሁት። አንደኛው፣ መመሪያ ላይ የማናገኘው እውቀት የት እንዳለ። ሁለተኛው፣ በሌላው ዓለም ያሉ የሙያ ባልደረቦቻችን እርስ በርስ እንዴት እንደሚማማሩ። ሦስተኛው፣ እኛ የምንጀምረው ነገር ለምን ቶሎ እንደሚሞት። የመጀመሪያው ይረዝማል። ከወዲሁ ተናግሬያለሁ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ስልጠና ያልወሰደ አለ? የለም። ሁላችንም ወስደናል። ፌዴራል ክልልን ያሠለጥናል፣ ክልል ዞንን፣ ዞን ወረዳን፣ ወረዳ ጤና ጣቢያን፣ ጤና ጣቢያ ጤና ኬላን። ከላይ አምስት ቀን የነበረው እታች ሲደርስ ግማሽ ቀን ይሆናል። እሱም አበል ከተፈረመ በኋላ ያለችው ግማሽ ቀን ናት! (ሳቅ) ስልጠናን እያቃለልኩ አይደለም። ግን ስልጠናው አልቆ፣ ተመልሳችሁ ጤና ኬላችሁ ውስጥ ብቻችሁን ስትቆሙ የሚመጣውን ጥያቄ ማን ይመልሳል? ያን ጥያቄ ነው የምፈልገው።

አንድ ምሳሌ። መንዝ ውስጥ ነው። ጠዋት ነው፣ ውርጭ አለ። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አውትሪች፣ ማለትም ከጤና ኬላው ወጥታ መንደር ልትከትብ፣ ልትወጣ ነው። አይስ ፓኮቹን፣ በረዶ የሆነ ውሃ የያዙትን ፕላስቲኮች፣ ከፍሪዘር አውጥታ ቫክሲን ካሪየር በሚባለው የክትባት መያዣ ሣጥን ውስጥ ልትደረድር ነው። መመሪያው ምን ይላል? አይስ ፓኩ እስኪያልበው ጠብቂ፣ ስትነቀንቂው ውስጡ ውሃ ሲንቦጫረቅ ይሰማ፣ ከዚያ አስገቢ ይላል። ለምን? በረዶው እንደ ወጣ ከገባ ፔንታን (የአምስት በሽታ ክትባቱን)፣ ፒሲቪን (የሳንባ ምች ክትባቱን)፣ ኤችፒቪን (የማኅፀን በር ካንሰር ክትባቱን) ያቀዘቅዝና ይገድላቸዋል። እኛ ሁልጊዜ የምንፈራው ሙቀትን ነው። ሙቀትንማ ቪቪኤም፣ ብልቃጡ ላይ ያለው የሙቀት ምልክት፣ ይነግረናል፤ የመሐሉ ካሬ ከዙሪያው ክብ ጋር ቀለሙ ከተመሳሰለ ይጣላል፣ አለቀ። ብርድን ግን ቪቪኤም አይናገርም። በብርድ የተበላሸ ብልቃጥ ሲያዩት ጤነኛ ነው የሚመስለው።

ታዲያ በመንዝ ጠዋት አይስ ፓክ እስኪያልበው ስንት ሰዓት ይፈጃል? ሞቃት አገር ውስጥ የተሠለጠነ ሰው የሚነግራችሁ ጊዜ እዚያ አይሠራም። ልጅቷ ይኼን ለወረዳ ብትጠይቅ «መመሪያውን አንብቢ» ነው መልሱ። የመለሰችላት ሌላ ባለሙያ ናት። ከማዶ ያለው ቀበሌ ስንት ዘመን የሠራች ነባር ሴት። «ሰዓት አትዪ» አለቻት። «አይስ ፓኩን አውጥተሽ ጠረጴዛ ላይ አድርጊው፤ አንቺ መዝገብሽን አዘጋጂ፣ ክትባት ያቋረጡትን ልጆች ስም ጻፊ። በየመሐሉ ጆሮሽ ላይ አድርገሽ ነቅንቂው። ውሃ ካልሰማሽ አትውጪ። እሱ ካስቸገረሽ ደግሞ በረዶውን ተዪው፣ ፍሪጅ ውስጥ የቀዘቀዘ ውሃ የያዘውን ውሰጂ።» ይኼ የመጨረሻው ምክር የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ነው። ግን ልጅቷ ጋ የደረሰው በጎረቤቷ አፍ ነው።

ሼክ ቴስትንም፣ ክትባት በብርድ መበላሸቱን ነቅንቆ ማጣሪያውን፣ ያሳየቻት እሷው ነባሯ ናት። ከተመሳሳይ ምርት አንድ ብልቃጥ ሆን ብለሽ በረዶ አድርጊ፣ ይቅለጥ። ከተጠራጠርሽው ጋር አብረሽ ነቅንቂ፣ ጎን ለጎን አስቀምጪ፣ ተመልከቺ። የተጠራጠርሽው እንደዚያኛው ቶሎ ከዘቀጠ ይጣል። ሦስት ጊዜ ስልጠና ላይ ሰምታው ነበር አሉ። በዓይኗ ያየችው ያን ቀን ነው።

እዚህ ላይ ከርእሴ ትንሽ ልውጣ። ዛሬ ከምናገረው ሁሉ ይኼኛው ሳይሻል አይቀርም።

የመጀመሪያው ፔንታ መቼ ነው? በስድስት ሳምንት፤ እኛ አርባ አምስት ቀን ነው የምንለው። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው መቼ ነው? በአርባ ቀን። ሴቷስ? በሰማንያ። አሁን አስቡት። ክርስትና ሳይነሣ አልወጣም የምትል እናት አለች፤ ሁሉም አይደሉም፣ ግን አሉ። ወንድ ልጇ አርባ ቀኑን ጨርሷል፣ ወጥታለች፣ በአርባ አምስተኛው ቀን ይዛው ትመጣለች። ሴት ልጇ ግን ሰማንያ ቀን እስኪሞላት ቤት ናት። የስድስቱ ሳምንት ያልፋታል፣ የአሥሩ ሳምንትም ያልፋታል። ሴት በመሆኗ! ማንም አስቦ የበደላት የለም። የቀን አቆጣጠር ነው የበደላት።

ይኼን የነገረችኝ ፕሮፌሰር አይደለችም። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። መዝገቧን ለሁለት ከፍላ፣ ወንዶችን በአንድ ወገን ሴቶችን በሌላ ወገን አድርጋ የመጀመሪያውን ፔንታ ቀን ስታይ ነው የታያት። ከዚያ ምን አደረገች? ቄሱ ጋ ሄደች። «አባ፣ አራስ ሴት ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ ጤና ኬላ ብትመጣ ኃጢአት ነው?» አለቻቸው። እሳቸውም «ቤተ ክርስቲያን አትገባም እንጂ ጤና ጣቢያ አትሂድ ያላት የለም፣ ልጄ» አሏት። «እንግዲያው ይኼን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይንገሩልኝ» አለች። ነገሩላት። ሌላም ነገር አገኘች። በቀበሌው ማን እንደ ወለደ ከሁሉ ቀድመው የሚያውቁት ቄሱ ናቸው፤ ክርስትና የሚያስይዘው ሰው እሳቸው ጋ ነው የሚመጣው። ስሙን ከእሳቸው ትወስዳለች። ቆላ የምትሠሩት ደግሞ በሙስሊሙ ሰፈር ሰባተኛው ቀን አለላችሁ፤ ስም ሲወጣ፣ አቂቃ ሲታረድ፣ ሼኹም ጎረቤቱም እዚያ ነው። ለቢሲጂ፣ ለሳንባ ነቀርሳው ክትባት፣ ከዚህ የተሻለ ቀን ከየት ይመጣል?

እና ይኼ ዘዴ በየትኛው መመሪያ ላይ አለ? እኔ አላየሁትም። ሊኖርም አይገባውም፣ ምክንያቱም የመንዝና የግሼ ጉዳይ ነው። ግን ስንቶቻችሁ ዛሬ ነው የሰማችሁት? እጅ አውጡልኝ። ... አያችሁ? አንዲት ሴት ያገኘችው መፍትሔ አንድ ቀበሌ ውስጥ ታስሮ ቀረ። የምናገረውም ይኼንኑ ነው። እውቀቱ አለ። አይሄድም እንጂ አለ።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ።

እ.ኤ.አ. በ1966 መጨረሻ፣ ምሥራቅ ናይጄሪያ ውስጥ ፈንጣጣ ገባ። ዊልያም ፌጊ የሚባል ወጣት አሜሪካዊ ሐኪም ነበር እዚያ። ክትባቱ ለሁሉም አይበቃም። መንገድ የለም፣ ስልክ የለም። ግን በየገጠሩ ያሉ ሚሲዮናውያን ማታ ማታ በሬዲዮ ይገናኙ ነበር። ፌጊ በሬዲዮው ገባና ለመናቸው። ካርታውን ተከፋፈሉ፤ እያንዳንዱ በየመንደሩ ሰው ልኮ ፈንጣጣ ያለበትን አጣራ። በማግስቱ ማታ በሽታው የት እንዳለ ታወቀ። ያለችውን ክትባት በታመሙት ዙሪያ ብቻ ሰጡ። ወረርሽኙ ቆመ። ያ ዘዴ ነው ወደ እኛም አገር የመጣው። የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ ኢትዮጵያ ውስጥ በ1971 ተጀመረ፤ የመጨረሻው ታማሚ የተገኘው በ1976 ነው፣ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር። በ1980 ዓለም ከፈንጣጣ ነፃ ተባለ። ልብ በሉ፤ የዚያን ምሽት ሬዲዮ የያዙት ሰዎች ትልቅ ስፔሻሊስቶች አልነበሩም። እያንዳንዱ የሰፈሩን ነገር የሚያውቅ ሰው ነበር።

ሌላ ልጨምር፤ ይኼኛው ስለ ክትባት አይደለም፣ ግን ይመለከተናል። ኒው ሜክሲኮ፣ አሜሪካ። ሳንጂቭ አሮራ የሚባሉ የጉበት ሐኪም ነበሩ። የሄፓታይተስ ሲ ታማሚዎች እሳቸው ጋ ለመድረስ ስምንት ወር ወረፋ ይጠብቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ፕሮጀክት ኤኮ የሚባለውን ጀመሩ። የገጠር ሐኪሞችንና ነርሶችን በየሳምንቱ በቪዲዮ እየሰበሰቡ፣ እያንዳንዱ የራሱን ታማሚ ጉዳይ እያቀረበ፣ አብረው ይማከሩበታል። ከዚያ በ2011 ውጤቱ ታትሞ ወጣ። በዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ከታከሙት ቫይረሱ የጠፋላቸው 57.5 በመቶ ናቸው። በገጠር በእነዚያ ባለሙያዎች ከታከሙትስ? 58.2 በመቶ! ገጠሩ ከዩኒቨርሲቲው አላነሰም። አቅም አነሳቸው የሚባሉት ሰዎች የጎደላቸው የሚማከሩት ሰው ብቻ ነበር።

በክትባትም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ቴክኔት የሚባል የማቀዝቀዣና የአቅርቦት ሰዎች መረብ አለ፤ ስለ ሶላር ፍሪጅ፣ ስለ ካሪየር፣ ስለ ትራንስፖርት እዚያ ነው የሚማከሩት። ዘ ጄኔቫ ለርኒንግ ፋውንዴሽን የሚባል ድርጅትም አለ። የእሱ አሠራር ደስ ይለኛል። ሌክቸር አይሰጥም። አንተ የሥራህን ችግር ትጽፋለህ፤ ለምን ለምን እያልክ ሥሩን ትፈልጋለህ፤ ምን ልታደርግ እንዳሰብክ ትጽፋለህ። ከዚያ ከሌላ አገር ያሉ ባልደረቦችህ ያነቡታል፣ አስተያየት ይሰጡሃል። አንተም የእነሱን ታነባለህ። የምትማረው ሁለት ጊዜ ነው፤ ስትጽፍና ስታነብ።

«እና ከኮንጎ ወይም ከሕንድ ያለ ሰው ስለ እኛ ምን ያውቃል?» ትሉኝ ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ግን ተመልከቱ፤ በአንድ ዞን ውስጥ ሆነን የመንዙ ሰው ችግሩ ብርድ ነው፣ የጀማ ሸለቆው ሰው ችግሩ ሙቀት ነው። ለመንዙ ከታቢ የልብ ጓደኛው ሸዋ ሮቢት ላይሆን ይችላል። ሌሶቶ ተራራ ላይ ወይም ኔፓል ይሆናል። ለሸዋ ሮቢቱ ደግሞ አፋር ወይም ሰሜን ናይጄሪያ ያለው ይቀርበዋል። ዓለም አቀፍ መረብ ሲባል ለእኔ ትርጉሙ ይኼ ነው። መሬቱ፣ አየሩ፣ ችግሩ የእኔን የሚመስል ሰው መፈለግ። ቋንቋው ያስቸግራል፣ አውቃለሁ። እንግሊዝኛ የሚቀናው አንድ ሰው ከመሐላችን ያንብብልን፣ በአማርኛ ይንገረን። ለዚህ ሁላችንም ፈረንጅኛ መቻል የለብንም።

አሁን አንድ ቁጥር። ክትባት በዓለም ደረጃ በፕሮግራም መሰጠት ከጀመረ እ.ኤ.አ. ከ1974 ወዲህ፣ በ50 ዓመት ውስጥ 154 ሚሊዮን ሰው ከሞት እንደ ተረፈ ተሰልቷል። ከዚያ ውስጥ 60 በመቶው በምን ክትባት ነው? በኩፍኝ። ይኼን ቁጥር ያመጣሁት ለጭብጨባ አይደለም። ስለ አሥር ዶዙ ብልቃጥ ላወራችሁ ነው።

ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እናት አንድ ልጅ ይዛ ትመጣለች፤ ዘጠኝ ወር ሞልቶታል፣ ኩፍኝ ነው የሚያስፈልገው። ብልቃጡ ለአሥር ልጅ ነው። ከተበጠበጠ በስድስት ሰዓት ውስጥ ይጣላል። ባለሙያዋ ታስባለች። ለአንድ ልጅ ከፍቼ ዘጠኙን ብጥል ወረዳ ምን ይለኛል? «ማክሰኞ ነይ» ትላታለች። እናትየዋ ሁለት ሰዓት በእግር መጥታለች። ማክሰኞ ትመጣለች? አንዳንዷ ትመጣለች። አንዳንዷ አትመጣም። መርሁ ግልጽ ነው፤ ለአንድም ልጅ ቢሆን ይከፈታል። ብልቃጥ ቢባክን ይባክን እንጂ ልጅ አይመለስም። ታዲያ እየታወቀ ለምን አይሠራም? ስለ ብክነት የሚቆጣ አለቃ ስላለ ነው! ስለ ተመለሰ ልጅ የሚቆጣ የለም፤ የተመለሰ ልጅ በሪፖርት ላይ አይታይማ። እዚህ ያላችሁ የወረዳ ሰዎች፣ ይኼን ለእናንተ ነው ያልኩት። በፍቅር ነው።

አጎራባች ቀበሌዎች ግን ተነጋግረው ያቀለሉት አሉ። ሁለት ጤና ኬላዎች የኩፍኝ ቀናቸውን አንዱ በገበያ ቀን፣ ሌላው በሌላ ቀን አደረጉት። ልጅ የመጣባት «ዛሬ እዚያ ተከፍቷል፣ ቅርብ ነው፣ ደውዬ ነግሬልሻለሁ» ትላታለች። እናት የማይመቻት ከሆነ ግን ይከፈትላታል፣ ያኔ ክርክር የለም። ማንም አላዘዛቸውም። ሁለት ሴቶች ቡና ላይ የተስማሙት ነው።

ሦስተኛው። የምንጀምረው ነገር ለምን ይሞታል?

ሁላችሁም ቴሌግራም ግሩፕ አላችሁ። እስቲ እውነቱን እንነጋገር፣ እዚያ ውስጥ ምን አለ? «ሪፖርት ያልላካችሁ እስከ 11 ሰዓት ላኩ።» «መልካም በዓል።» አበባ። «እስካሁን ያልላከው ጤና ኬላ እከሌ ነው።» ከዚያ ደግሞ አበባ። ጥያቄ የት አለ? ሰው ጥያቄ የማይጠይቀው ስለማይቸገር አይደለም። አለቃው እዚያው ግሩፕ ውስጥ ስላለ ነው። «ፍሪጄ ማታ ከዜሮ በታች ወርዷል፣ ምን ላድርግ?» ብትል ነገ ሱፐርቪዥን ይመጣባታል፣ ከነ ደብዳቤው። ስለዚህ ዝም ትላለች። ብልቃጡንም ዝም ብላ ትጠቀማለች። ዝምታው ማንን እንደሚጎዳ እናንተ ታውቃላችሁ።

ስለዚህ የምለምናችሁ፣ ሪፖርቱና ምክክሩ ይለያዩ። የሪፖርቱ ግሩፕ ይኑር፣ አበባውም እዚያ ይሂድ። የምክክሩ ግን የባለሙያዎች ብቻ ይሁን። እዚያ የተጠየቀ ጥያቄ ለግምገማ አይቅረብ። ገበሬው ወንፈል ሲገባ «አንተ ለምን ብቻህን አላጨድክም?» አይባልም። ዛሬ የአንዱ ማሳ፣ ነገ የሌላው። የእኛም እንደዚያ ይሁን።

ስትጠይቁም በደንብ ጠይቁ። «ፍሪጅ አልሠራ አለኝ» ብቻ አይበቃም። ሶላር ነው? ቴርሞሜትሩ ስንት ይላል? ከመቼ ጀምሮ? ውስጡ ምን ምን አለ? የመለሰላችሁን ሰው ደግሞ ሜዳ ላይ አትተዉት፤ ሞክራችሁ ምን እንደሆነ ተመልሳችሁ ንገሩት። ሠራ ወይስ አልሠራም? ብዙ ግሩፕ የሚደርቀው እዚህ ጋ ነው። መካሪው የመከረው ምን ላይ እንደ ደረሰ ካላወቀ ሁለተኛ አይመክርም።

ደግሞ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ጓደኛ ሁሉ እውነት አይናገርም። ስሕተትም በጓደኛ ይተላለፋል፤ እንዲያውም ፈጥኖ ነው የሚተላለፈው። «እኛ ጋ ፔንታን ፍሪዘር ውስጥ ነው የምናሳድረው» የሚል ሰው ይመጣል፣ በሙሉ ልብ ነው የሚነግራችሁ። ዶዝን፣ ሙቀትን፣ ብልቃጥ የሚጣልበትን ሰዓት በተመለከተ የመጨረሻው ቃል የመመሪያው ነው። ጓደኛ የሚያስፈልገን መመሪያውን በእኛ ሰፈር እንዴት እንደምንኖረው ለማወቅ ነው። የልጅ ፎቶ፣ የእናት ስም ደግሞ ግሩፕ ላይ አይለጠፍም። በፍጹም።

ስለ ድጋፍም ልናገር፤ መማማር ብቻ አይደለም።

አንድ ጤና ኬላ ውስጥ፣ ስሙ ይቅር፣ አንድ ሕፃን በተከተበ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ሲጣራ ምክንያቱ ሌላ በሽታ ነው፣ ክትባቱ አይደለም። ግን እስኪጣራ ድረስ ያለውን ጊዜ አስቡት። ልጅቷ ዕድሜዋ ሃያዎቹ ውስጥ ነው፣ በዚያው ቀበሌ ነው የምትኖረው፣ ለቅሶው ቤት መሄድ አለባት። ውሃ ስትቀዳ ሴቶች ይርቋታል። ከላይ የመጣላት ፎርም ነው። ፎርሙ ያስፈልጋል፣ ከክትባት በኋላ የሚደርስ ጉዳት ወዲያው መመዝገብ፣ መመርመር አለበት። ግን ፎርም አያጽናናም። ያጽናናቻት ከሌላ ወረዳ ያለች፣ ከዚያ በፊት ተመሳሳይ ነገር የደረሰባት ባለሙያ ናት። ማታ ማታ ትደውልላት ነበር። ለቅሶው ቤት ገብታ ምን እንደምትል፣ ምን እንደማትል ነገረቻት። «አትከራከሪ፤ አልቅሺ፣ አጽናኚ። ማስረዳቱ ከሰልስት በኋላ ይደርሳል» አለቻት። ልጅቷ ሥራውን ልትለቅ ነበር። አልለቀቀችም።

እሷን የያዛት ሰው በአጋጣሚ የተገኘ ነው። ስልኳ በአጋጣሚ ተገኝቶ ነው። እኔ የምጠይቀው በአጋጣሚ ባይሆን ነው።

ዛሬ በዓለም አንድም የፔንታ ዶዝ ያልደረሳቸው ሕፃናት ከ14 ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ ኢትዮጵያም ብዙ ካላቸው አገሮች አንዷ ናት። እዚሁ ከተማችን በተፈናቃይ ጣቢያ ያሉትን እናቶች አስቧቸው፤ የልጁ የክትባት ካርድ ከቤቱ ጋር ቀርቷል። የትኛውን ዶዝ ወስዶ ነበር? መዝገቡ ያለው ምናልባት እዚህ ከተቀመጣችሁት በአንዳችሁ ጤና ኬላ ነው። ብትተዋወቁ በአንድ ስልክ ይጣራ ነበር።

በሉ፣ ንግግሬን እዚህ ላይ ልግታ፤ ምሳ ከመድረሱ በፊት ሥራ አለን። ሁለት ወረቀት እየዞረ ነው። በአንደኛው ላይ አሁን ያስቸገራችሁን አንድ ነገር ጻፉ፣ ስም አያስፈልግም። በሁለተኛው ላይ ደግሞ እኔ ይኼን እችላለሁ የምትሉትን አንድ ነገር፣ ከነስልክ ቁጥራችሁ። ሶላር ፍሪጅ የሚጠግን፣ ከቄስና ከሼኽ ጋር መነጋገር የሚሆንላት፣ ያቋረጡ ልጆችን ፈልጎ የማግኘት ዘዴ ያለው፣ ማንም ይሁን። ቢሮ ያላችሁ ሰዎች፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ለአንድ ሰዓት ሻይ ጠጡ፤ ወረቀቱን የሚያነቡት ባለሙያዎቹ ናቸው።

የምንጃሮች፣ ከእናንተ እንጀምር። እስክሪቢቶ የሌለው አለ?